ስታይልን ከኤችቲኤምኤል ጽሑፍ ማውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ከሰዓት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እኛ ቤት ኮድ የሚማሩ የሰፈር ልጆች ይሰበሰባሉ። ሰሞኑን የያዝነው የአንድ ቱሉ ዲምቱ ያለ የቤት ዕቃ ሱቅ የቆየ ድረ ገጽ ነው። የዕቃዎቹ መግለጫ ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠው በኤችቲኤምኤል ጽሑፍ ነው። የፎቶው ስፋት፣ የዋጋው ቀለም፣ ሁሉም ስታይል የሚለው አትሪቢዩት (ኤችቲኤምኤል ታግ ላይ የሚጻፍ መግለጫ) ውስጥ ተወሽቋል። እሱን በኮድ ማውጣት ነበረብን። ልጆቹ ያነሷቸውን ሐሳቦች ከቆዩ ፕሮግራመሮችም እሰማለሁ።

«ሬጌክስ ይበቃል»

ሬጌክስ በጽሑፍ ውስጥ የተወሰነ ቅርጽ ያለውን ነገር የመፈለጊያ ዘዴ ነው። ራሳችሁ ለጻፋችሁት፣ መልኩ ለማይለዋወጥ ጽሑፍ ሊበቃ ይችላል። የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ግን ይከዳችኋል። አንዱ ድርብ ጥቅስ ይጠቀማል፣ ሌላው ነጠላ፣ ሌላው ያለ ጥቅስ ይጽፋል። ኤችቲኤምኤል ሦስቱንም ይቀበላል። እኛን ያስቸገረን ደግሞ ሌላ ነው፦ «ከለር» ብለን ስንፈልግ «ባክግራውንድ-ከለር» ውስጥ ያለውንም ያዘብን። የዋጋውን ቀለም ፈልገን የጀርባውን አመጣን። ግማሽ ቀን የፈጀብን ይሄ ነው።

«በሴሚኮለን ከፋፍሎ በኮለን መቁረጥ ነው»

ስታይል ውስጥ ፕሮፐርቲዎቹ (እንደ ቀለምና ስፋት ያሉት) በሴሚኮለን፣ ስምና እሴታቸው ደግሞ በኮለን ስለሚለያዩ ቀላል ይመስላል። የጀርባ ምስል ሲመጣ ግን የድር አድራሻው ራሱ ከኤችቲቲፒኤስ ቀጥሎ ኮለን አለው። ምስሉ በቤዝ64 (ምስልን ወደ ፊደላት በሚቀይር አጻጻፍ) እዚያው ከተጻፈ ደግሞ በመሃሉ ሴሚኮለንም አለ። ቆርጣችሁ የምታገኙት የተበጣጠሰ ነገር ነው። ብሮውዘሩ ይህን ማንበብ ያውቅበታል። ጽሑፉን ለዶምፓርሰር (ኤችቲኤምኤልን ለሚያነብ የብሮውዘሩ መሣሪያ) ስጡት፣ ኤለመንቱን ፈልጉ፣ ከዚያ ስታይሉን ጠይቁት።

«ዲቭ ፈጥሮ ኢነርኤችቲኤምኤል ውስጥ መክተትም ያው ነው»

ዲቭ የገጽ ሳጥን ነው፤ ኢነርኤችቲኤምኤል ደግሞ በውስጡ ያለው የኤችቲኤምኤል ጽሑፍ። ያው አይደለም! ይሄን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ዲቩ ገጹ ላይ ባይለጠፍም ብሮውዘሩ ፎቶዎቹን ማውረድ ይጀምራል። እኛ ሰፈር አብዛኛው ልጅ የሚሠራው በሞባይል ዳታ ጥቅል ነው። ስፋት ብቻ ለማንበብ ብሎ ጥቅሉን መጨረስ ያሳዝናል። ከዚያ የባሰም አለ፦ ምስሉ ላይ ኦንኤረር ተብሎ የተጻፈ ኮድ ካለ፣ ምስሉ ሳይገኝ ሲቀር ኮዱ ይሠራል። ጽሑፉ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ከሆነ ይህ በር ከፍቶ መተኛት ነው። በዶምፓርሰር የተነበበ ሰነድ ግን ስክሪፕት አያስኬድም፣ ፎቶም አያወርድም።

«ስፋቱን ስጠይቅ ቁጥር ይመጣል»

የሚመጣው ጽሑፍ ነው፤ 320 ሳይሆን 320 ከነፒክስሉ። ፓርስፍሎት ቁጥሩን ይለይላችኋል። አሃዱን ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ 50 ፐርሰንትም 50 ሆኖ ይወጣልና።

«የተጻፈው እንዳለ ይመለሳል»

ብሮውዘሩ አስተካክሎ ነው የሚመልሰው። ቀዩን ቀለም #ff0000 ብላችሁ በሄክስ ብትጽፉት እንኳ አርጂቢ (255, 0, 0) ሆኖ ይመጣል። ስሙ በስህተት የተጻፈ ፕሮፐርቲ ጭራሽ ይጣላል። አንድ ፕሮፐርቲ ሁለቴ ከተጻፈም በተለምዶ የሚያዘው የኋለኛው ነው። ጥሬውን ጽሑፍ የምትፈልጉ ከሆነ ጌትአትሪቢዩት ተጠቀሙ። ጌትኮምፒዩትድስታይል ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው፦ ከስታይልሺት (ከኤለመንቱ ውጭ ለብቻ ከተጻፉ የስታይል ሕጎች) የመጣውንም ደምሮ ኤለመንቱ በመጨረሻ የያዘውን ይነግራችኋል።

በፓይተን ለምትሠሩ፦ ቢውቲፉልሱፕ (የኤችቲኤምኤል ማንበቢያ ላይብረሪ) ስታይሉን እንደ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ውስጡን ለመለየት እንደ ታይኒሲኤስኤስ2 ያለ የሲኤስኤስ (የስታይል መጻፊያ ቋንቋ) ፓርሰር ጨምሩበት።