የድሮ ሳንቲሞች ዋጋ አገማመት በጎንደር

«የ፲፱፻፴፮ ነው እኮ!» ጎንደር ውስጥ የድሮ ሳንቲም የሚያሳይ ሰው ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሳንቲሙ ከአያት ሙዳይ ወይም ከሣጥን ሥር የወጣ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን ብቻውን ዋጋ አይቆርጥም። ከምን እንደተሠራ፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነና ፊቱ ምን ያህል እንደተላጠ መታየት አለበት።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ገበያው የሚሠራው በአሞሌ ጨውና በሚዛን በሚለካ ወርቅ ነበር። ኋላ ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብሩ፣ መጣ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። ጠገራ ሁሉ ማለት ይቻላል በፈረንጆች አቆጣጠር 1780 ይላል። ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ዓመት እየጻፉ አትመውታል። ስለዚህ «የ1780» ብሎ ዋጋ መቆለል አያስኬድም። አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ቀለበት የተበየደበት ጠገራ ለአንጥረኛ ያው ነው፤ የሚገዛው በግራም ነውና። ለሰብሳቢ ግን ቀለበቱ ጉዳት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ጀምሮ ፓሪስ ያስቀረጿቸው ብር፣ አላድ (የብር ግማሽ) እና ሩብ በመቶ የሚከፈሉ አልነበሩም። በመቶ የሚከፈል የገንዘብ ሥርዓት የመጣው በ1923 ነው፤ ክፍልፋዩም መቶኛ ተባለ። 1 እና 5 መቶኛ መዳብ ናቸው። 10፣ 25 እና 50 መቶኛ ደግሞ ኒኬል ናቸው። ኒኬሉን ማግኔት ይስበዋል፤ «ብር ነው» ለሚል ሰው ፈጣኑ መልስ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ፲፱፻፴፮ እንመለስ። ብዙ ሰው እጅ ያለው ይህ ነው። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ገበያ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው። ሳንቲሙ ግን 1936 ይላል፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በዚያው ቁጥር ታትሟል። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲም መዳብ ናቸው። ሃምሳው፣ ሽልንግ የምንለው፣ ብር ነው። «ሽልንግ» የሚለው ስም የቀረው ጣልያን ከወጣ በኋላ እዚህ ከሠራው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሳይሆን አይቀርም። የሃምሳው ሳንቲም ክብደት 7 ግራም ያህል ነው። የመጀመሪያው 80 በመቶ ብር ነበር፤ ቀጥሎ የወጣው 70 በመቶ ነው። ንጹሕ ብሩ 5.6 ወይም 4.9 ግራም ይሆናል ማለት ነው። በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ በዚህ ግራም ማባዛት መነሻውን ይሰጣል፤ ከዚያ በታች መሸጥ ኪሳራ ነው።

ስሙኒው ላይ ጠርዙን እዩ። መጀመሪያ የወጣው ክብ ነበር። መጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ እንዳያምታታ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተቆረጠ። ጥርስ ያለው በየቤቱ ሞልቷል። ክቡ ግን ጥቂት ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውም እሱን ነው። ሁለቱም ፲፱፻፴፮ ይላሉ።

ቀጥሎ ፊቱ ነው። የንጉሡ ጢም ፀጉሩ ይለያል? የአንበሳው ዘውድ ይታያል? አክስቴ አንድ ጊዜ ጥሩ ሽልንግ በሎሚና በአመድ አሽታ፣ አብረቅርቃ ሰጠችኝ። በፀሐይ ዘንበል ሳደርገው ከጉንጩ እስከ ጆሮው ድረስ በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩበት። የሰብሳቢ ዋጋው በዚያች ቀን ጠፋ፤ የቀረው የብሩ ዋጋ ብቻ ነው። እባካችሁ አትፈትጉት።

በ፲፱፻፷፱ የወጡት የደርግ ሳንቲሞች፣ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ያለበትን የአሉሚኒየም 1 ሳንቲም ጨምሮ፣ ብዙ ናቸው። እጅ ያልነካው ካልሆነ ብዙ አያወጡም።

የጣልያን ገንዘብ ሊሬም ከየቤቱ ይወጣል። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የጣልያን የመጨረሻ ምሽግ የተሰበረው እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነውና። የአንድ ሊሬ ዋጋ ትንሽ ቢሆንም እኛ ጋ ታሪኩ ይከብዳል።

ፋሲል ግቢ አካባቢ ለእንግዳ የሚሸጥ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ከተንቀሳቃሽ ቅርሶች ተቆጥረዋል። ቅርስ የሆነውን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።