ጠላት ሲሞት «እሰይ» ይባላል? ለቅሶ ቤት የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ሰው ሲሞት ወሬው ከቅሬው ጥሪ ቀድሞ ይደርሳል (ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን)። ሟቹ ሰው ያስለቀሰ፣ መሬት የቀማ፣ በሐሰት መስክሮ ያሳሰረ ከሆነ ደግሞ ከወሬው ኋላ «እሰይ!» ይከተላል። ጮክ ተብሎ አይደለም። ቡና ላይ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ ፌስቡክ ላይ ነው። የሚገርመው እሰይ የሚለውም እሱን የሚቆጣውም ጥቅስ አያጡም። ስለዚህ ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ጠላቱ ሲሞት ምን ያድርግ በሚለው ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እያነሳሁ ልመልስ። ሁሉንም እኩል አላብራራም፤ አንዳንዱ ብዙ አያስወራም።

«እግዜር ፈረደልኝ፤ ታዲያ ለምን አልደሰትም?»

ዋናው ይሄ ነው። ምሳሌ 24፥17 ግን «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ፥ በመሰናከሉም ልብህ ሐሤት አያድርግ» ይላል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። እግዚአብሔር ደስታህን አይቶ እንዳይከፋው፣ ቁጣውንም ከዚያ ሰው ላይ እንዳያነሳ ይላል። እስቲ አስቡት። ሰውየው ጥፋተኛ ነው፣ ቁጣውም የተገባው ነው፤ ግን አንተ ጮቤ ስትረግጥ እግዜር አንተን ያይ ጀመር። ፍርዱ የእሱ ነው፣ ጭብጨባ አልጠየቀም።

ሕዝቅኤል 33፥11 ላይም እግዚአብሔር በክፉ ሰው ሞት ደስ እንደማይለው፣ ከመንገዱ ተመልሶ በሕይወት ቢኖር እንደሚወድ ምሎ ይናገራል። የበደለህ ሰው ሞተ ማለት የንስሐ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። ደጅህ መጥቶ «አጥፍቻለሁ» የሚልበት ቀን የለም፣ የወሰደውን የሚመልስበት ቀን የለም። ይህ ደግሞ አንተንም የጎዳ ነገር እንጂ የሚያስጨፍር አይደለም።

«ሙሴ ዘምሮ የለ እንዴ? ዳዊትስ ጠላቶቹን ረግሞ የለ?»

ልክ ነው፣ ዘጸአት 15 አለ። የሙሴ እህት ማርያም ከበሮዋን አንስታለች፣ መዝሙሩም የፈርዖን ሠራዊት መስጠሙን አይደብቅም። ምሳሌ 11፥10ም ክፉዎች ሲጠፉ ከተማ እልል እንደምትል ይናገራል። ይሄን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም ብሎ መከራከር አያዋጣም። ግን እዚያ የሚዘምረው ማን ነው? ከፊቱ ባሕር፣ ከኋላው ሠረገላ ይዞት የነበረ፣ በባርነት የኖረ ሕዝብ ነው። ምስጋናውን የሚያቀርበው ደግሞ ላዳነው አምላክ ነው። በአጥር የተጣላነው ጎረቤት ሲሞት ራሳችንን እስራኤል፣ እሱን ፈርዖን ማድረግ ግን ትንሽ በዛ።

ዳዊትን ካነሳን አይቀር ሙሉውን እናንሳው። ሳኦል በጦር ሊወጋው ሞክሯል፣ በበረሃ እንደ አውሬ አሳድዶታል። ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ እጁ ላይ ሲጥለው የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ተወው። በመጨረሻ ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ ወደቀ። አንድ አማሌቃዊ ጎረምሳ የሳኦልን ዘውድና የክንድ አምባር ይዞ ዳዊት ወዳለበት ወደ ጺቅላግ ከነፈ። ልብሱ የተቀደደ፣ ራሱ ላይ አፈር የነሰነሰ ነበር፤ ለቅሶ ለብሶ ሽልማት ፍለጋ የመጣ ሰው ማለት ነው። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። ዳዊት ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ እስከ ማታ ጾመ። ጎረምሳው በሽልማት ፋንታ ሞት ጠበቀው (ይሄኛውን እንድንኮርጀው አልተጻፈም፣ ደግሞ)። ከዚያ ዳዊት ሙሾ አወረደ። «በጌት ውስጥ አታውሩ፥ በአስቀሎናም አደባባይ የምስራች አትበሉ» አለ። የአስቀሎናን አደባባይ ፒያሳ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ፖለቲካ ነው ይባል ነበር። ግን የሳኦልን ልጅ ኢያቡስቴን በተኛበት ገድለው ራሱን ይዘው የመጡትንም አልሸለማቸውም። የሳኦል ጦር አለቃ የነበረው አበኔር ሲቀበርም ንጉሡ ራሱ ቃሬዛውን ተከትሎ ሄደ፣ መቃብሩም ላይ አለቀሰ። የእርግማን መዝሙሮቹ የዚሁ የዳዊት ናቸው። ንዴቱን ለእግዚአብሔር ነገረው፣ እዚያው ተወው። መዝሙር 35፥13 ላይማ የሚያሳድዱት ሰዎች በታመሙ ጊዜ ማቅ ለብሶ ሲጾም እንደነበር ይናገራል። እርግማኑን የምንጠቅስ ሰዎች ይቺን ቁጥር ዘለል ማድረግ እንወዳለን።

«መቅሰፍት ነው፤ ሐረጎ ላይ መኪናው የተገለበጠው በግፉ ነው»

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የወረደ ሰው እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ የሚለው የተሳፋሪው ኃጢአት ተቆጥሮ እንዳልሆነ ያውቃል። ያው መኪና ውስጥ የነበረችው ተማሪስ ምን አድርጋ ነው? ሉቃስ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱ 18 ሰዎች ኢየሱስ ራሱ ተናግሯል። ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ የባሱ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋል? አይደለም፤ እናንተም ንስሐ ካልገባችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ ነው ያለው። በሰው ሞት ላይ ፍርድ ማንበብ የጀመረ ሰው የራሱ ዘመድ በሰላሳ ዓመቱ ሲሞት ምን ሊል ነው?

«እፎይ ካልኩ ኃጢአት ሠራሁ»

ይሄ ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣ ስህተት ነው፣ ብዙ ጥሩ ሰዎችን ያሠቃያል። ባሏ ሲደበድባት የኖረች ሴት ለቅሶው ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣ፣ እንባ እንቢ ስላላት «ምን ዓይነት አረመኔ ነኝ» ብላ ራሷን ትበላለች። አይዞሽ። ማቴዎስ 2ን ተመልከቺ። ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀ ሰው ነው፤ ማርያምና ዮሴፍ ልጃቸውን ይዘው ግብፅ የተሰደዱት ከእሱ ሸሽተው ነው። ሲሞት መልአኩ መጥቶ «የሕፃኑን ነፍስ የፈለጉት ሞተዋልና» ወደ አገርህ ተመለስ አለው። ዮሴፍ ምን አደረገ? ተነሳ፣ ሕፃኑንና እናቱን ያዘ፣ ጉዞ ጀመረ። ወንጌሉ እልልታም ለቅሶም አልመዘገበም። ሰውየው ስለሞተ ቤታቸው መግባት ቻሉ፣ አለቀ። የሄሮድስ ልጅ አርኬላዎስ እንደነገሠ ሲሰማ ደግሞ ፈርቶ ወደ ገሊላ ዞረ፤ ጠላት ሞተ ማለት ስጋቱ ሁሉ አብሮ ተቀበረ ማለት እንዳልሆነም ያውቃል።

ስለዚህ እንቅልፍ ተኝቶ ማደር መቻል ኃጢአት አይደለም። የእንባ ኮታ የለም።

«ክርስቲያን ከሆንክ በደሉን አታንሳ»

«ሙት ወቃሽ አያርገኝ» ማለት የኛ ሰው ጨዋነት ነው፣ እወደዋለሁ። ግን አንዳንዴ የተበደለን ሰው አፍ ማዘጊያ ይሆናል። ጳውሎስ የናስ አንጥረኛው እስክንድሮስ እጅግ እንደከፋበት ስሙን ጠርቶ ጽፏል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥14)፤ ብድራቱን ግን ለጌታ ነው የተወው። እውነቱን መናገርና መበቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደሴ ይሄን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበው ሆስፒታል ሳይቀር መትተዋል። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲመለሱ ያደረጉትን ንግግር ስታነቡ ጠላት የሠራውን ግፍ አልሸፋፈኑትም። እዚያው ንግግር ውስጥ ግን ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ሁለቱንም በአንድ አፍ።

ቅርቡን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ የሆነውን፣ ልጃቸውን ያጡ እናቶችን። እነዚህን እናቶች «ለገዳዩ አልቅሺ» ብሎ የሚመክር ሰው ካለ እባካችሁ አስቀምጡት። ጌታ «ለሚያሳድዱአችሁ ጸልዩ» ብሏል፣ እውነት ነው፤ ያንን ግን እሷ በጊዜዋ፣ ከንስሐ አባቷ ወይም ከፓስተሯ ጋር ትደርስበታለች። የእኛ ድርሻ እዚያው ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን እሳቱን አለማራገብ ነው።

«ቀብሩ ላይ መገኘት ግብዝነት ነው»

የሰፈራችን አንድ ሰውዬ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ተካሰው ዓመታት ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። ጎረቤትየው ሞተ። ጠዋት ቅሬው ሲጠራ ይሄ ሰውዬ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ጉድጓዱ ሲቆፈር አንድ ቃል አልተናገረም። ከቀብር መልስ ድንኳን ገባ፣ ለሟቹ ሚስት «እግዜር ያጽናሽ» አላት፣ የቀረበለትን ንፍሮ ቆነጠረ፣ ከሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከኋላዬ አንዱ «ቅጣት ፈርቶ ነው እንጂ!» ሲል ሰማሁ። ይሆናል። ቅሬ የቀረ ይቀጣል። ግን ቅጣት የፈራ ሰው ስሙ እስኪያዝለት ቆሞ ይሄዳል፤ ይሄ ሰውዬ ሰልስቱም ላይ ወንበር ሲያነሳ ነበር።

ግብዝነት ማለት የሌለህን ሐዘን እየጮህክ ማልቀስ ነው። ደረት አትምታ፣ ሙሾ አታውርድ። ሂድ፣ ተቀመጥ፣ የሟቹን ልጆች አጽናና። ሮሜ 12 ጠላትህ ቢራብ አብላው ካለ፣ ለቤተሰቡ እንጀራ መውሰድ አይከብድም። መሄድህ ነገር የሚያነሳ ከሆነ፣ በተለይ ደም ካለ፣ ዝም ብለህ ዘው አትበል። መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ። እንቢ ካሉ ቤትህ ሆነህ ጸልይ፤ ያ መቅረት አይባልም።

«ከሞተ ወዲያ ይቅርታ ምን ይሠራል?»

ለአንተ ይሠራል። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል የተቀየምከው ሰው ሞቷልና ይቀርልሃል አልተባለም። ደግሞም ቂም የበደለህ ሰው ሲሞት ወደ ልጆቹ ይሻገራል፤ «የእገሌ ልጅ አይደለህ?» ተብሎ ጋብቻ የሚከለከል፣ ሥራ የሚነፈግ ሰው እናውቃለን። ሕዝቅኤል 18፥20 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ብሎ ዘግቶታል። ለሟቹ ነፍስ መጸለይን በተመለከተ ኦርቶዶክሱ በፍትሐትና በተዝካር ይጸልያል፣ ፕሮቴስታንቱ ለሟች አይጸልይም፤ ለቀሩት ይጸልያል። በዚህ ላይ ድንኳን ውስጥ አትከራከሩ።

«ፌስቡክ ላይ ነው እንጂ ፊት ለፊት አላልኩም»

የሟቹ ልጅም ስልክ አላት። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ የሚያደርገው የአባቱን ስም እየጻፈ መፈለግ ነው። ያቺን የሳቅ ምልክት ለጥፈህ ከሆነ ሰልስት ሳይደርስ አጥፋት።