በቤት የሚሠሩ የዋና መንሳፈፊያዎች

ሐይቅ ወይም ወንዝ ባለበት አገር ሁሉ ዋና ለማጆች ካገኙት ዕቃ መንሳፈፊያ ይሠራሉ። የደረቀ ቅል፣ ቡሽና የደንገል እስር የቆዩት ናቸው። ደንገል ግን ውሃ ይጠጣል፤ የጣና ታንኳ ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚደርቀውም ለዚህ ነው። ዛሬ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጀሪካንና የመኪና ከመነዳሪ ቦታውን ይዘዋል።

አንድ ሊትር አየር ውሃ ውስጥ አንድ ኪሎ ያህል ያነሳል፤ ከዚያ ላይ የዕቃው የራሱ ክብደት ይቀነሳል። የሰው አካል ከውሃ ብዙም ስለማይከብድ የአዋቂን ጭንቅላት ከፍ አድርጎ ለመያዝ አምስት ኪሎ ገደማ ይበቃል። የፋብሪካው የዋና ሰደርያም ለአዋቂ የሚለካው በዚሁ፣ በ50 ኒውተን ነው። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን እንግዲህ ለለማጅ ከልክ ያለፈ ነው፤ ሲጫኑት ይንከባለልና ከእጅ ያመልጣል።

ለመሥራት የሚመቸው የጠርሙስ ሰደርያ ነው። ስድስት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙሶች ይበቃሉ። የለስላሳ ወይም የጋዝ ውሃ ጠርሙስ ይመረጣል፤ ግፊት እንዲችል ስለተሠራ ገላው ወፍራም፣ ክዳኑም ጥብቅ ነው። እያንዳንዱን ዘግቶ ውሃ ውስጥ መጭመቅ፣ አረፋ ከወጣው መጣል። ከዚያ ከማዳበሪያ ወይም ከጠንካራ ጨርቅ ጠርሙሱን ልክ የሚይዙ ኪሶች ያሉት ሰደርያ ይሰፋል፤ አራቱ ደረት ላይ፣ ሁለቱ ከትከሻ ሥር ከኋላ ይገባሉ። ከኋላ ከበዛ ፊትን ወደ ውሃ ይደፋል። ወገብ ላይ ማሰር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ መቀመጫን አንስቶ ጭንቅላትን ያሰምጣል። ብዙዎች የሚረሱት በእግር መሃል የሚያልፈውን ማሰሪያ ነው። እሱ ከሌለ ሰደርያው ውሃ ውስጥ ሽቅብ ይወጣና አፍና አፍንጫ ላይ ያርፋል። ሲባጎ ብቻውን ቆዳ ስለሚቆርጥ ሰፋ ያለ የጨርቅ ጠፍር ይሻላል፤ ቋጠሮውም በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የተዘጋ ጠርሙስ 1,600 ሜትር አካባቢ ወዳለው ላንጋኖ ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምርበትና መጠኑ በአንድ አስረኛ ገደማ ይቀንሳል። የጠፋው አየር ያን ያህል አይጎዳም፤ ችግሩ ጠርሙሱ ጎድጉዶ እስሩ መላላቱና ከኪሱ መንሸራተቱ ነው። ውሃው ዳር ሲደርሱ ክዳኑን ከፍቶ መልሶ መዝጋት ይበቃል።

ከመነዳሪ ጎሚስታ ቤት ይገኛል፤ የተለጠፈበትን ለዋና አለመውሰድ ይመረጣል። መንፊያው ገላ ስለሚቧጭር በጨርቅ ይጠቀለላል። ፀሐይ ላይ የተተወ ጥቁር ጎማ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ እስኪወጠር አይነፋም። ትልቁ አደጋው ቀዳዳው ነው፦ ትንሽ ልጅ ሾልኮ ይወርዳል፣ ወይም ተገልብጦ እግሩ ወደ ላይ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይቀራል። ከዳር ወደ መሃል የሚነፍስ ንፋስ ካለ ደግሞ የሐይቅ ላይ ከመነዳሪ ከዋናተኛ ይፈጥናል።

የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ቀላል ቢሆንም ይፈረፈራል፣ ቤንዚን ሲነካውም ይሟሟል። በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ተሰፍቶ በሁለት እጅ ሲያዝ ግን ለእግር ምት ልምምድ ደህና ሰሌዳ ነው።

ከእነዚህ አንዱም የሕይወት አድን ጃኬት አይተካም፤ ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው ገልብጦ ፊቱን ከውሃ ለማውጣት አልተሠሩም። ስለዚህ ሙከራው ደረት በማይደርስ ውሃ፣ ዋና የሚችል ሰው ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ይደረጋል። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲበዛበት ስለሚሰባበር ከዋና በኋላ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚቀርበት ጠርሙስ ይቀየራል።