«አገርህ የት ነው?»፦ ቦታና ማንነት በጥንቱ የግሪክ ጀግኖች ግጥም

በጥንቱ የግሪክ ገጣሚ በሆሜር ግጥሞች ውስጥ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ይበላል። ከዚያ ነው ጥያቄው የሚከተለው፦ ማን ነህ? ከተማህ የት ነው? ወላጆችህስ? ኢታካ ላይ ቀልድ ቢጤም ትጨመራለች፤ መቼም በእግርህ አልመጣህም ይሉታል። ደሴት ናታ።

ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው በኢሊያድ 2ኛ መጽሐፍ ያለውን ወደ ጦርነቱ የሄዱ የግሪክ መርከቦች ዝርዝር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባይዘለው ይሻለው ነበር። 29 የጦር ክፍል፣ ሲደመር 1,186 መርከብ፣ አለቆቹ ከነአገራቸው ይጠራሉ። የጦሩ ዋና አዛዥ አጋሜምኖን 100 መርከብ አለው፣ የኢታካው ንጉሥ ኦዲሴዎስ 12 ብቻ። ሄላስ የሚለው ስም እዚህ ገና የጀግናው የአኪሌስ ሰዎች አገር እንጂ የግሪክ ሁሉ መጠሪያ አይደለም።

ኦዲሴዎስ ከጦርነቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚተርከው ኦዲሲ ግን ከዳር እስከ ዳር የአገር ነገር ነው። ኦዲሴዎስ ካሊፕሶ የምትባል የደሴት አምላክ ዘንድ 7 ዓመት ተቀምጦ፣ ሞት አይነካህም ብትለውም ልቡ ቤቱ ነው። አማልክቱ ይመለስ ያሉትም ጠላቱ የባሕር አምላኩ ፖሲዶን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ላይ ሳለ ነው (የዛሬው ካርታ እንዳልሆነ ይታወቃል፣ ግን ኢሊያድ «ነቀፋ የሌለባቸው» ይላቸዋልና ፈገግ ማለት አይከለከልም)።

ለኪክሎፑ (አንድ ዓይን ላለው ግዙፍ) ፖሊፌሞስ ስሜ «ማንም» ነው ብሎት አመለጠ። መርከቡ ላይ ሆኖ ግን አላስችል አለው፤ የላኤርቴስ ልጅ፣ የኢታካው ኦዲሴዎስ ነኝ ብሎ ጮኸ። ፖሊፌሞስም ያንኑ ስም ከነአባቱ ከነአገሩ ይዞ ለአባቱ ለፖሲዶን ረገመው።

አገሩ ሲገባ የሚመሰክሩለት ከመሬት የማይነቀሉ ነገሮች ናቸው። ሚስቱ ፔኔሎፔ አልጋውን አውጡለት ስትል ይቆጣል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ካለ የወይራ ግንድ ላይ ራሱ የሠራው ነውና የትም አይሄድም። ለአባቱ ደግሞ የሚታወቅበትን ጠባሳ ካሳየው በኋላ፣ አባቱ በልጅነቱ የሰጠውን አትክልት ይቆጥርለታል፦ 13 የፒር ዛፍ፣ 10 ፖም፣ 40 በለስ፣ 50 ረድፍ ወይን።

ከሆሜር በኋላ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገጣሚው አፖሎኒዮስ ደግሞ አርጎ የምትባለውን መርከብ መርከበኞች በግጥሙ እስከ ኮልኪስ (የዛሬዋ ጆርጂያ አካባቢ) ወስዷቸዋል።

ትሮይ ቱርክ ውስጥ ሂሳርሊክ የሚባለው ቦታ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ኢታካ ግን ታከራክራለች፤ ግጥሙ ወደ ምዕራብ ጫፍ ያለች ዝቅ ያለች ደሴት ሲላት የዛሬዋ ኢታኪ ተራራማ ናት፣ ከጎረቤቷ ደሴት ከኬፋሎኒያም በስተ ምሥራቅ ነች። ስለዚህ አንዳንዶች የኬፋሎኒያን ፓሊኪ ልሳነ ምድር ይጠቁማሉ።