የስቴፒየን ሕግ ምንድን ነው?

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ አንድ ቡድን በሁለት ተከታታይ ዓመታት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት መብት ሳይኖረው እንዲቀር የሚያደርግ ልውውጥ መፈጸም አይችልም። የስቴፒየን ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። በዝውውር ሰሞን «ቡድኑ የ2027ን መብት ሰጥቷል፤ የ2028ቱን ግን ቢፈልግም መስጠት አይችልም» ሲባል ከሰማችሁ፣ እጁን የያዘው ይህ ሕግ ነው። ስሙ የተወሰደው ከ1980 እስከ 1983 የክሊቭላንድ ካቫሊየርስ ባለቤት ከነበረው ከቴድ ስቴፒየን ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ድራፍቱ። ድራፍት በየዓመቱ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ደካማ ቡድን ወደ ፊት ተራ ይቀርባል፣ ጠንካራው ወደ ኋላ ይገፋል። ዛሬ አንደኛውን ተራ የሚወስነው ዕጣ ነው። እስከ 1984 ድረስ ግን የምሥራቅና የምዕራቡ ምድብ መጨረሻዎች ሳንቲም ተወርውሮላቸው ዘውድ ወይስ ጎፈር በሚል ይለዩ ነበር። መብቱ እንደ ማንኛውም ንብረት ለሌላ ቡድን ሊተላለፍ ይችላል፤ የሦስትና የአራት ዓመት በኋላውን መብት ዛሬ መስጠት ይቻላል። ቡናን በአበባው እንደ መሸጥ ነው፤ ምን ያህል እንደሚለቀም ሻጩም ገዢውም አያውቁም። ልዩነቱ ሻጩ ቡድን በደከመ ቁጥር የሸጠው መብት እየተወደደ መሄዱ ነው። የተሸጠውን መብት ዋጋ የሚወስነው ሻጩ ራሱ በሚያስመዘግበው ውጤት ነው።

ስቴፒየን በማስታወቂያ ሥራ ገንዘብ ያፈራ የክሊቭላንድ ነጋዴ ነበር። ቡድኑን በ1980 ሲረከብ ቢል መስልማንን አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረና ፈጣን ውጤት ፈለገ። የዚያኑ ዓመት ዳላስ ማቬሪክስ 23ኛው ቡድን ሆኖ ሊጉን ተቀላቅሏል። አዲስ ቡድን ስለሆነ ተጫዋቾቹን ያገኘው ሌሎች ቡድኖች ከማይለቀቁት ዝርዝር ውስጥ ካላስገቧቸው መካከል መርጦ ነው። ክሊቭላንድ የወደፊት መብቶቹን አሳልፎ ያገኛቸው እነዚሁን ተጫዋቾች መሆኑ ነው ነገሩን የሚያስገርመው። ከጥቂት ወራት በፊት ቡድኖቻቸው በነፃ እንዲወሰዱ የፈቀዱባቸው ሰዎች ናቸው።

በመስከረም 1980 ክሊቭላንድ የ1984ን የመጀመሪያ ዙር መብት ለዳላስ ሰጥቶ ማይክ ብራትዝን አመጣ። ብራትዝ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም፤ በዚያ የውድድር ዓመት 57 ባለ ሦስት ነጥብ አግብቶ ከሊጉ አንደኛ ሆኗል። የሦስት ነጥብ መስመር ወደ ሊጉ የገባው ገና በ1979 ስለነበር 57 ለአንደኝነት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ክሊቭላንድ የቆየው አንድ የውድድር ዓመት ብቻ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ የ1983ና የ1986 መብቶች ከቢል ሮቢንዚን ጋር ሄደው ሪቻርድ ዋሽንግተንና ጄሮም ኋይትሄድ መጡ። ዋሽንግተን በ1976 ድራፍት 3ኛ ተመራጭ ነበር፤ ከ1982 በኋላ ግን ኤንቢኤ ውስጥ አልታየም። ኋይትሄድም ለክሊቭላንድ ጥቂት ጨዋታ ተጫውቶ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ ቡድን ገባ።

በዚህ ጊዜ የሊጉ ኮሚሽነር ላሪ ኦብራየን ጣልቃ ገባ። ክሊቭላንድ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ልውውጥ ሁሉ አስቀድሞ በሊጉ ጽሕፈት ቤት እንዲታይና እንዲፈቀድ ታዘዘ። ፈቃዱ ግን ያን ያህል ጥብቅ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በየካቲት 1981 የ1985 መብትም ከቻድ ኪንች ጋር ወደ ዳላስ ሄዷልና። በምትኩ የመጣው ጄፍ ሂዩስተን ነው። እንደ እኔ ከሦስቱ የዳላስ ልውውጦች ሊከራከሩለት የሚቻለው ይህ ብቻ ነው። ሂዩስተን እስከ 1985 ድረስ የቡድኑ ኳስ አቀባይ ሆኖ ቆየ፤ በጥር 1982 ጎልደን ስቴት ላይ በአንድ ጨዋታ 27 ለግብ የበቁ ኳሶችን አቀብሏል።

አምስተኛው መብት፣ ማለትም የ1982ቱ፣ ታሪኩ ለብቻው ነው። በየካቲት 1980 ክሊቭላንድ ቡች ሊንና የ1982 መብቱን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ ዶን ፎርድንና የሌከርስን የ1980 መብት ወሰደ። በዚያ የ1980 መብት የተመረጠው ከላይ የተጠቀሰው ቻድ ኪንች ነው። ይህ ልውውጥ ብዙ ጊዜ የስቴፒየን ጥፋት ተደርጎ ይወራል፤ እሱ ግን ገና ባለቤት አልሆነም ነበር። የእሱ ድርሻ ቡድኑን አዳክሞ መብቱን ማስወደዱ ነው። በ1981-82 ክሊቭላንድ በአንድ የውድድር ዓመት አራት አሠልጣኝ ቀያይሮ 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ። የመጨረሻዎቹን 19 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ ቀጣዩን ዓመት ደግሞ በ5 ሽንፈት ስለጀመረ፣ በጠቅላላው 24 ጨዋታ ሳያሸንፍ ቀረ። ሳንቲሙ ሲወረወር ዕድሉ ለሌከርስ ወጣ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን የነበረው ሌከርስ በአንደኛው ተራ ጄምስ ወርዚን መረጠ።

ዳላስም ያገኘውን በአግባቡ ተጠቀመበት። በ1983 መብት ዴሪክ ሃርፐርን በ11ኛ፣ በ1984 ሳም ፐርኪንስን በ4ኛ፣ በ1985 ዴትለፍ ሽሬምፍን በ8ኛ፣ በ1986 ሮይ ታርፕሊን በ7ኛ ተራ አገኘ። በ1988 የምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ዳላስና ሌከርስ እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ሲተናነቁ፣ ከሁለቱም ወገን በክሊቭላንድ መብት የተመረጡ አምስት ተጫዋቾች ነበሩ። ያለፈው ሌከርስ በፍጻሜው የገጠመው ዲትሮይትን ነው። የዲትሮይት አሠልጣኝ ቸክ ዴይሊ በ1981-82 ክሊቭላንድን ይዞ 9 ብቻ አሸንፎ ከ41 ጨዋታ በኋላ የተሰናበተ ሰው ነበር። የመሀል ተጫዋቹ ቢል ላምቢርም በየካቲት 1982 ከክሊቭላንድ የተሸኘ ነው።

አሁን የዛሬውን ሕግ በእነዚህ አራት ልውውጦች ላይ እንሞክረው። ሌላውን ትተን እነሱን ብቻ በቅደም ተከተል ብናይ፣ የ1982ቱ ያልፋል፤ አንድ ዓመት ብቻ ነው። የ1984ቱም ያልፋል፤ በመካከሉ 1983 አለ። የሚታገደው የጥቅምቱ ልውውጥ ነው፤ 1983 ሲወጣ 1982፣ 1983 እና 1984 ተያይዘው ባዶ ይሆናሉ። የ1986 መብት ለብቻው ቢሆን ግን ይፈቀድ ነበር። የየካቲት 1981ዱም ይወድቃል፤ 1985 ከተሰጡት ከ1984ና ከ1986 መካከል የገባ ነውና። ስለዚህ ሕጉ በጊዜው ቢኖር ኖሮ ሃርፐርንና ሽሬምፍን ያመጡት ልውውጦች በነበሩበት መልክ አይጸድቁም ነበር፤ ወርዚና ፐርኪንስ ግን ያው ያመልጡ ነበር። ከሁሉም የሚያንገበግበው የወርዚ ልውውጥ በዚህ ሕግ አይከለከልም።

ሕጉ ቡድንን ከሞኝነት የሚጠብቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የሚጠብቀው ቀጣዩን ባለቤትና ሌሎቹን ቡድኖች ነው። ስቴፒየን ለዳላስ የሰጣቸው አራት መብቶች አንዳቸውም እሱ ባለቤት ሳለ አልደረሱም፤ በ1983 ቡድኑን ለወንድማማቾቹ ለጆርጅና ለጎርደን ጋንድ ሸጦ ሄዷል። የዛሬውን ተጫዋች እሱ ወሰደ፣ ዕዳውን ሌላ ሰው ከፈለ። 20,000 ሰው ገደማ በሚይዘው የሪችፊልድ አዳራሽ በ1982-83 በአማካይ የገባው ተመልካች 4,000 እንኳ አይሞላም ነበር። ለብዙ ዓመታት መብት የሌለውን ቡድን የሚገዛ ሰው እንዲገኝ ሊጉ ራሱ ዋጋ መክፈል ነበረበት፤ ከ1983 እስከ 1986 በየዓመቱ አንድ ተጨማሪ የመጀመሪያ ዙር መብት ለአዲሶቹ ባለቤቶች ፈቀደ። በ1986 ዳላስ ታርፕሊን በ7ኛ ሲወስድ ክሊቭላንድ ወዲያው በ8ኛ ሮን ሃርፐርን መምረጥ የቻለው ለዚህ ነው።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ስሌቱ የሚጀምረው ገና ካልደረሱ ድራፍቶች ነው። ያለፈ ድራፍት አይቆጠርም። ዘንድሮ መብቱን ያልተጠቀመ ቡድን ድራፍቱ ባለፈ ማግስት የሚቀጥለውን ዓመት መስጠት ይችላል። ዓመት እየዘለሉ መስጠት ስለሚፈቀድ ልውውጦች ብዙ ጊዜ 2026፣ 2028፣ 2030 እያሉ ይሄዳሉ። ከሰባት ድራፍት በላይ የራቀ መብት ግን አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ሕጉ የሚጠይቀው የራስን መብት ሳይሆን አንድ የመጀመሪያ ዙር መብት መኖሩን ነው። ከሌላ ቡድን የተገኘ የ2027 መብት በእጁ ያለ ቡድን የራሱን የ2026ና የ2027 አከታትሎ ሊሰጥ ይችላል፤ ያ ከሌላ ቡድን ያገኘው መብት 30ኛ ተራ ቢሆንም ሕጉ ግድ የለውም። ሁለተኛ ዙር ደግሞ ጨርሶ አይመለከተውም፤ የአሥር ዓመቱን ቢበትን የሚከለክለው የለም።

ሰው የሚሳሳተው ከለላ ያለው መብት ላይ ነው። አንድ ቡድን የ2027 መብቱን «ከ1ኛ እስከ 4ኛ ከወጣልኝ ለእኔ ይቀራል፣ ካልሆነ ለእናንተ፤ በ2027 ካልደረሳችሁ በ2028 ትወስዳላችሁ» ብሎ ሰጠ እንበል። ሕጉ የሚያየው ሊሆን የሚችለውን መጥፎ ነገር ሁሉ ነው። መብቱ በ2027 ሊሄድ ስለሚችል 2026 ይታገዳል። በ2028 ሊሄድ ስለሚችል ደግሞ 2029ም ይታገዳል። አንድ መብት ብቻ ሰጥቶ ከ2026 እስከ 2029 አራት ዓመት ተቆለፈ ማለት ነው፤ በነፃነት ሊሰጥ የሚችለው የመጀመሪያው 2030 ይሆናል። በውል ላይ «የመጀመሪያው ከተላለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ» የሚል ሐረግ የሚገባው ይህን ቁልፍ ለማላላት ነው። ከለላ ሻጩን ከአደጋ ይጠብቀዋል፣ ግን በተጨማሪ ዓመታት ያስከፍለዋል። ያለ ከለላ የሚሰጡ ቡድኖች ሁሉ ደፋሮች ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ዓመት ለማትረፍ የሚያደርጉትም አሉ።

ሌላው መውጫ ተራ የመቀያየር መብት ነው። ቡድኑ መብቱን አይሰጥም፤ «የእኔ ተራ ከእናንተ የተሻለ ከሆነ ትቀይሩኛላችሁ» ብሎ ይዋዋላል። በስተመጨረሻ አንድ መብት በእጁ ስለሚቀር ሕጉ አልተጣሰም። በ2013 ብሩክሊን ኔትስ ኬቪን ጋርኔትንና ፖል ፒርስን ለማምጣት ለቦስተን የከፈለው ልክ እንደዚህ ተሰፍቶ ነው፦ የ2014፣ የ2016 እና የ2018 መብቶች ያለ ምንም ከለላ፣ በ2017 ደግሞ ተራ መቀያየር። ወረቀት ላይ እንከን የለውም። በተግባር ግን ኔትስ ደክሞ የ2017 ተራው 1ኛ ሲወጣ ቦስተን ቀየረው፤ ያንን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ በ3ኛ ተራ ጄይሰን ቴተምን መረጠ። ጄይለን ብራውን የመጣው በ2016ቱ ነው። የ2018ቱ በካይሪ ኧርቪንግ ልውውጥ ወደ ክሊቭላንድ ሄዶ በ8ኛ ኮሊን ሴክስተን ተመርጦበታል። ስቴፒየን የሠራውን ያህል ጉዳት ሕጉን አክብሮም መሥራት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በ2019 የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ለፖል ጆርጅ ሲል ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር የተዋዋለውም በዚሁ ንድፍ ነው፤ 2022፣ 2024፣ 2026 መስጠት፣ በመካከሉ 2023ና 2025 መቀያየር። ጄይለን ዊሊያምስ ከ2022ቱ የተገኘ ነው።

የድራፍት ሌሊት ደግሞ ሕጉ ጉልበት ያጣል። ተጫዋቹ ስሙ ከተጠራ በኋላ የወደፊት መብት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ዓመት አስቀድሞ የሰጠ ቡድን ሌላው የሚፈልገውን ተጫዋች ይመርጥለትና ወዲያው ያስተላልፍለታል። የመረጠው ቡድን ኮፍያ አጥልቆ ፎቶ የተነሣ ልጅ ያንኑ ማታ ለሌላ ቡድን መሆኑን የሚሰማው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

በ2023 የጸደቀው የሊጉና የተጫዋቾቹ የሠራተኛ ስምምነት የራሱን መቆለፊያ ጨምሯል። የደመወዝ ወጪው ሁለተኛውን ጣሪያ፣ ማለትም ሊጉ ያስቀመጠውን ከፍተኛውን የወጪ ወሰን፣ ያለፈ ቡድን ሰባት ዓመት ወደ ፊት ያለው የመጀመሪያ ዙር መብቱ ይታገድበታል፤ ይህ ከስቴፒየን ሕግ የተለየ ነው፣ የሚሠራውም ከእሱ ጎን ለጎን ነው። አንድ ቡድን ምን ያህል መብት እንደቀረው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ለየብቻ መቁጠር አለበት፦ መጀመሪያ በስቴፒየን ሕግ የተዘጉትን ዓመቶች፣ ከዚያ በደመወዝ ምክንያት የታገዱትን።