በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የበጋ ወፍ እይታ ከነቤተሰብ

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ወፍ ለማየት መውጣት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሐይቅ ዳር መሄድ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚሄደው ዓሣ ሊበላ ነው፤ ወፉ ምርቃት ነው። እዚህ ግን ዋናው ወፉ ነው፤ ስለ ዓሣው የሚያወራ ሞልቷል።

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። አውሮፓና ሰሜን እስያ በብርድ ሲያዙ እዚያ የፈለፈሉት ወፎች ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ በጋ ነው። ከሚመጡባቸው መንገዶች አንዱ የቀይ ባሕርና የስምጥ ሸለቆ መስመር ነው። በሞቃት አየር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ለሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች በዓለም ሁለተኛው ዋና መስመር እንደሆነ ይነገርለታል፤ በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ንስር፣ ጭላት፣ ሽመላና የመሳሰሉት ያልፉበታል። ደሴ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። ስለዚህ ታክሲ ሳይከፈል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ከከተማዋ በላይ ወዳለው ጦሳ ተራራ አንጋጦ ማየት ብቻ አንድ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የሐይቅ ሐይቅ ነው። ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ይኬዳል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጥልቀቱን የድሮ ልኬት 88 ሜትር ያደርሰዋል፣ የቅርቦቹ ዝቅ ያደርጉታል። የትኛውም ይሁን ጥልቅ ነው፤ ለወፍ ተመልካች ይሄ ቁም ነገር አለው። ረጃጅም እግር ኖሯቸው ጭቃ የሚለቅሙት ወፎች መሀል ላይ ምንም ሥራ የላቸውም። ሁሉም ጠርዙ ላይ፣ ቄጠማው ውስጥና ከብት ውሃ የሚጠጣበት ረግረግ ላይ ነው የሚሰበሰቡት። ጀልባ ተከራይቶ መሀል መግባት ለፎቶ ያምራል፣ ወፍ ግን ዳር ላይ ነው።

ወደ ውሃው የገባው ልሳነ ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ድሮ ደሴት ነበር። በትውፊት ቤተ ክርስቲያኑ ከዛግዌ ዘመን በፊት ነው የተተከለው ይባላል፤ ገዳሙን ግን በ1248 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋሙት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረዋል። በ1270 ዙፋን የያዘው አፄ ይኩኖ አምላክም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ተማሪ ነበር ይላሉ፤ የገዳሙ አለቃ የሚጠራበት የ«ዓቃቤ ሰዓት» ማዕረግም በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ክብር ነበረው። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው የብራና መጽሐፍ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሳ ነው። እንግዲህ ወሎ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የነበራት አገር ናት። ለወፎቹ ደግሞ ገዳሙ ሌላ ውለታ ውሏል፦ ዛፉ አይቆረጥም፣ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ ቤተሰብ በር ላይ ይለያያል። አባት ሙዚየሙን ጎብኝቶ ሲመለስ እናትና ሴት ልጆች ዳር ቁጭ ብለው ከሱ የበለጠ ወፍ አይተው ይጠብቁታል።

ምን ይታያል? ጥቁር ሆና ግንባሯ ነጭ የሆነችው የውሃ ወፍ፣ ጠልቃ ብቅ የምትል ትንሽ ጠላቂ፣ ዓሣ በልታ ክንፏን ለፀሐይ የምትዘረጋ ጥቁር ወፍ፤ እነዚህ ዓመቱን ሙሉ የኛው ናቸው። በበጋ እንግዶቹ ይጨመራሉ። ምንቃሯ እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬ አለች፣ ምንቃሯን ውሃው ላይ አንሳፋ ታጣራለች። ድንጋይ ላይ ቆማ ያለ እረፍት ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ቡናማ ወፍም አለች፤ ልጆች አንዴ ካዩዋት አይረሷትም። ቢጫ ሆዷ የሚታወቅ ትንሽ ወፍ ደግሞ ከላም ኮቴ ሥር ዝንብ ትለቅማለች፣ ላሟ ስትራመድ አፈትልካ እዚያው ትመለሳለች። አመሻሽ ላይ እየጮሁ በመንጋ የሚያልፉት፣ ምንቃራቸው የታጠፈ ትልልቅ ወፎች በዓለም ላይ የሚገኙት ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው። በየጓሯችን ስለሚጮሁ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

አርድቦ ሐይቅ ከዚያው አጠገብ፣ ከፍ ብሎ ነው፤ ሰው አይበዛበትም።

የኮምቦልቻ ሰው ሌላ አማራጭ አለው። ቦርከና ወንዝ ከተማውን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲወርድ ጨፋ በሚባለው ሜዳ ላይ ተኝቶ ረግረግ ይሆናል። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እዚያ ያወርዳሉ፣ ከብት የሚከተሉት ነጫጭ ወፎችም አብረው። እንደኔ ከሆነ የወፉ ብዛት ከሐይቅ አይተናነስም፣ ዓሣ ጥብስ ግን የለም። ረግረጉ ለእርሻ እየታረሰ መጥበቡንና ከከተማና ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ መግባቱን ብዙ ጥናቶች ጽፈውታል። ስለዚህ ሕፃናትን ውሃው ውስጥ አታስገቡ።

ለመሄድ ያሰበ ማልዶ ይነሳ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነፋሱ ሳይነሳ ውሃው ይረጋል፣ ወፉም ይበላል። የደሴ የታኅሣሥ ብርድ ቀልድ ስላልሆነ ጋቢ ያዙ። ባይኖኩላር ከሌለ አንዱን ከሰው መዋስ ይሻላል፤ በስልክ ካሜራ ማጉላት ጉም ነው የሚያሳየው። ዳቦ አትወርውሩ፣ ድንጋይማ ጭራሽ። በጥር ወር በብዙ አገሮች የውሃ ወፍ ቆጠራ ስለሚካሄድ ልጆች ደብተር ይዘው ያዩትን ቢመዘግቡ ለመልመድ ጥሩ ወቅት ነው። ዓሣው ከ5 ሰዓት በኋላ ይደርሳል።