ስለ ትናንሽ ኮሌጆች ቤዝቦል ቡና ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው የምኖረው። የጃንዋሪ መጨረሻ ነው፤ መኪናዬ በረዶ ውስጥ ተቀብራለች። እኔ ደግሞ ሶፋ ላይ ተጠቅልዬ የማሪዬታ ኮሌጅን የቤዝቦል ፕሮግራም እያየሁ ቀን እቆጥራለሁ። ይህን ቡና ላይ ስናገር ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «ከአርሰናል ጭንቀት ሳትወጣ ደግሞ እዚህ ውስጥ ገባህ?» ይሉኛል። ቤዝቦል ራሱ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። የትንሽ ኮሌጅ ቤዝቦል ሲባል ደግሞ ጭራሽ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ማሪዬታ ከኮለምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ትርቃለች። የመስኪንገም ወንዝ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር የሚገናኝባት ትንሽ ከተማ ናት። የኮሌጁ ተማሪ ሁለት ሺህ አይሞላም። የቤዝቦል ቡድኑ ግን «ኤታ ኤክስፕረስ» የሚል የራሱ ስም አለው፤ የዲቪዥን 3ን ብሔራዊ ዋንጫ 6 ጊዜ ወስዷል። በ1981፣ በ1983፣ በ1986፣ በ2006፣ በ2011 እና በ2012። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚነሱት ክርክሮች ያው ናቸው። ዘንድሮ መልሱን ጽፌ ልገላገል።

«ዲቪዥን 3 ማለት ወርዶ ወርዶ ሦስተኛ ደረጃ የደረሰ ቡድን ነው»

ይህ የእግር ኳስ አእምሯችን የሚያመጣብን ጣጣ ነው። ዲቪዥን ሲባል ወራጅ ቀጠና ነው ትዝ የሚለን። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ግን በነጥብ መውጣትም መውረድም የለም። ማሪዬታ በተከታታይ አሥር ዋንጫ ቢወስድ እዚያው ዲቪዥን 3 ነው። አንድም ጨዋታ ባያሸንፍም እዚያው ነው።

ዲቪዥኑን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ አባላቱን በ1973 በሦስት ሲከፍል፣ ዋናው ልዩነት ለስፖርት የሚወጣው ገንዘብና ለስፖርት የሚሰጠው ቦታ ነበር። ከሦስቱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን የያዘውም ዲቪዥን 3 ነው፤ ከ400 በላይ ናቸው። እዚያ ውስጥ እነማን እንዳሉ ስነግራቸው ነው ቡና ላይ ፀጥታ የሚሰፍነው። ኤምአይቲ አለ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አለ። አምኸርስትና ዊልያምስ አሉ። ጆንስ ሆፕኪንስማ በላክሮስ (ሌላ የኳስ ስፖርት ነው) ዲቪዥን 1 ይጫወታል፣ በቤዝቦል ዲቪዥን 3 ነው። አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዲቪዥን። ይሄ የደረጃ ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው።

«ልጆቹ በቤዝቦል ስኮላርሺፕ በነጻ የሚማሩ ናቸው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጆችን የሚነካ ነገር ነው።

በዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። ደንቡ ይከለክላል። ልጁ ኳሱን በሰዓት 90 ማይል ቢወረውርም ለመወርወሩ የሚከፈለው ሳንቲም የለም። የሚያገኘው እርዳታ ሌላው ተማሪ የሚያገኘው ዓይነት ነው፤ ወይ በውጤቱ፣ ወይ በቤተሰቡ ገቢ። ይህ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጎበዝ ተማሪ ከሆነ የግል ኮሌጁ የሚቀንስለት ሂሳብ ከባድ ሊሆን ይችላል። ግን የሚቀንስለት ለማርኩ ነው እንጂ ለክንዱ አይደለም።

«እሺ፣ ዲቪዥን 1 ቢገባስ ሙሉ በሙሉ በነጻ አይደል?» የሚል ቀጣይ ጥያቄ ይመጣል። እሱም ቢሆን ከሚታሰበው ይለያል። ለብዙ ዓመታት አንድ የዲቪዥን 1 ቤዝቦል ቡድን መስጠት የሚችለው ትልቁ ቁጥር 11.7 ስኮላርሺፕ ነበር። አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት! እሱን ቆራርሶ እስከ 27 ለሚሆኑ ልጆች ያካፍል ነበር። ደንቡ የተቀየረው ገና በ2025 ነው። ስለዚህ «በቤዝቦል ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘ» የሚል ወሬ ስትሰሙ፣ በተለይ ከዚያ በፊት ከሆነ፣ ግማሹን አየር ላይ ተዉት።

ሌላም አለ። በዲቪዥን 3 ቡድኖች ዝርዝር ላይ ከ40 በላይ ስም ማግኘት የተለመደ ነው። ሜዳ የሚገቡት ግን ዘጠኝ ናቸው፤ ለፒቸሩ (ኳሱን ለመቺው ለሚወረውረው ልጅ) የሚመታለት አንድ ሰው ሲጨመር አሥር። የቀረው ልጅ ፌብሯሪ ብርድ ውስጥ ተነስቶ ይለማመዳል፣ ፈተናውን ይፈተናል፣ ገንዘብም አይከፈለውም። ለምን ይሁን? ጨዋታውን ስለሚወድ ነው። እኔን የያዘኝም ይኸው ነው መሰለኝ።

«ሲዝኑ የሚጀምረው ሲሞቅ ነው»

ፕሮፌሽናሉ እንደዚያ ነው፤ በማርች መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ 162 ጨዋታ ይጫወታል። ኮሌጅ ግን በሜይ ይዘጋል። ስለዚህ ሲዝኑ በፌብሯሪ ጀምሮ፣ ብሔራዊ ውድድሩ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን መጀመሪያ ያልቃል። በዲቪዥን 3 የመደበኛው ሲዝን ጣሪያ 40 ጨዋታ ነው።

በፌብሯሪ ኦሃዮ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃታል። መፍትሔው አውቶቡስ ነው። የሰሜን ቡድኖች ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በማርች የፀደይ እረፍት ላይ ብዙዎቹ ፍሎሪዳ ይሰፍራሉ፤ በመካከለኛው ፍሎሪዳ ኦበርንዴልና ዊንተር ሄቨን አካባቢ፣ ወይም ፎርት ማየርስ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስምንት ጨዋታ የሚጫወት ቡድን አለ። አንዳንዴ በቀን ሁለት። ከሚኒሶታ የመጣ ቡድን ከማሳቹሴትስ ከመጣ ቡድን ጋር ፍሎሪዳ ላይ ይገናኛል፤ ሁለቱም ከቤት ውጭ ሣር ካዩ ወራት ሆኗቸዋል።

ለዚህ ነው የማርች ውጤት ሲመጣ የማልደነግጠው። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ኳስ ከእጅ ያመልጣል፣ ፒቸሩ ገና ክንዱ አልሞቀም። አሰልጣኙም ቢሆን ልጆቹን እየሞከረ ነው።

«የቅድመ ሲዝን ደረጃውን ካየህ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃለህ»

የት ይደርሳል የተባለ ጥጃ ልኳንዳ ቤት ተገኘ ይባል የለ? ደረጃው የሚወጣው በአብዛኛው ባለፈው ዓመት በተሠራው ሥራ ነው። ያንን ሥራ የሠሩት ልጆች ግን ተመርቀው ሄደዋል።

ኢስተርን ኮኔቲከት በ2022 49 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ2023 ዋንጫው የሊንችበርግ ሆነ። በ2024 የሚዘሪኮርዲያ፣ በ2025 የዊስኮንሲን ዋይትዋተር። አራት ዓመት፣ አራት ቡድን። ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ የወሰደ የመጨረሻው ቡድን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማሪዬታ ነው፤ 2011 እና 2012። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ማንም አልደገመውም። (ይህን በየቡናው እንደማነሳ አልክድም።)

ታዲያ እኔ ምን አያለሁ? የተጫዋቾቹን ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ተጽፏል። ያለፈውን ዓመት ስታቲስቲክስ ከጎን እከፍትና በመጀመሪያ ፒቸሮቹን እቆጥራለሁ። ጨዋታው ያለ ፒቸር አይንቀሳቀስም። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) ነው። ለምሳሌ ቡድኑ በዓመቱ 340 ኢኒንግ ተጫውቶ ከዚያ ውስጥ 200ውን የወረወሩት ልጆች ከተመረቁ፣ ደረጃው አንደኛ ቢልም እኔ እጠራጠራለሁ። በተቃራኒው መካከለኛ ተብሎ የተናቀ ቡድን አራት ጠንካራ ፒቸር ይዞ ከተመለሰ ልብ በሉት።

ፒቸር እንደ አጥቂ አይደለም። ዛሬ 100 ኳስ የወረወረ ልጅ ነገ አይወረውርም፤ ክንዱ ቀናት ይፈልጋል። በአንድ ሳምንት አራት ጨዋታ ካለ አንድ ኮከብ አንዱን ብቻ ነው የሚያሸንፍልህ። የቀሩትን ሦስቱን ማን ይወረውራል? የኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጫወቱ ኮሌጆች ስብስብ) ሻምፒዮና የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ደግሞ በቀጥታ ወደ ብሔራዊ ውድድሩ ይገባል፤ ሌላው የኮሚቴ ጥሪ ይጠብቃል።

ከፒቸሮቹ ቀጥሎ ካቸሩ ተመልሷል ወይ? ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ ኳሱን የሚቀበለው ማለት ነው። አዲስ ካቸር ያለው ቡድን ማርች ላይ ይቸገራል። ሦስተኛ፣ ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ተዛውረው የመጡ ልጆችን እፈልጋለሁ። ስማቸውን ማንም አያውቀውም፤ ግን ሃያ ዓመት ሞልቷቸው፣ ሁለት ሲዝን ተጫውተው ነው የሚመጡት። ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጋር አንድ አይደሉም።

«ከዚያ ለትልቁ ሊግ የሚደርስ የለም»

ጥቂት ናቸው፤ ይህን አልሸሽግም። ግን የሉም ማለት ውሸት ነው።

ቢሊ ዋግነር ቨርጂኒያ ውስጥ ፌረም በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው የተጫወተው። በተፈጥሮ ቀኝ እጁ ነበር የሚቀናው። ልጅ ሆኖ ቀኝ ክንዱ ሲሰበር በግራው መወርወር ተማረ። በዚያው በግራው የሂዩስተን አስትሮስ በ1993 በድራፍት (ፕሮፌሽናል ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በየተራ በሚመርጡበት) በ12ኛ ተራ መረጡት፣ መጨረሻ ላይ እየገባ 422 ጨዋታ በድል ዘጋ፣ በ2025 ዝነኞች አዳራሽ ገባ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ጆርዳን ዚመርማንን ታስታውሱ ይሆናል። በሴፕቴምበር 28 ቀን 2014፣ በመደበኛው ሲዝን የመጨረሻ ቀን፣ ለከተማችሁ ቡድን ለናሽናልስ ወርውሮ አንድም ሰው በትክክል መትቶ ቤዝ ሳይዝበት ጨዋታውን ጨረሰ። እሱም ከዊስኮንሲን ስቲቨንስ ፖይንት የመጣ የዲቪዥን 3 ልጅ ነው።

ከማሪዬታ ደግሞ ኬንት ቴኩልቪ አለ። ምንም ቡድን በድራፍት አልመረጠውም። ከወገቡ በታች እየወረወረ 1,050 ጨዋታ ተጫወተ፤ አንዱንም አልጀመረም፣ ሁሌም በመሃል የሚገባ ነበር። የ1979 የዓለም ሲሪስ (የፕሮፌሽናሉ የዋንጫ ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታን ለፒትስበርግ የዘጋው እሱ ነው። እርግጥ እሱ ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ ዲቪዥን 3 የሚባለው ገና አልተፈጠረም።

«ትንሽ ኮሌጅ ምን ታሪክ አለው?»

የመጀመሪያው የኮሌጆች ቤዝቦል ጨዋታ የተካሄደው ጁላይ 1 ቀን 1859 ፒትስፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ነው። ሃርቫርድና ዬል አልነበሩም። አምኸርስትና ዊልያምስ ናቸው። አምኸርስት 73 ለ 32 አሸነፈ። በየወገኑ 13 ሰው ነበር፤ ደንቡም ከዛሬው ይለያል። ዛሬ ሁለቱም ዲቪዥን 3 ናቸው፤ ዛሬም ይጋጠማሉ።

ማሪዬታም ቢሆን ዶን ሻሊ የሚባል አሰልጣኝ ነበረው። ከ1964 እስከ 2003 እዚያው ቆየ። አርባ ሲዝን፣ 1,442 ድል። ስታዲየሙ በስሙ ይጠራል። ትልቅ ቦታ ሄዶ መሥራት የማይችል ሰው አይመስለኝም።

«ዱላው ከእንጨት ነው»

በፕሮፌሽናሉ አዎ። ኮሌጅ ከ1974 ጀምሮ አልሙኒየም ተፈቅዷል። ስለዚህ የምትሰሙት ድምፅ «ጧ» ሳይሆን «ቲንግ» ነው። መጀመሪያ ያስጠላል፣ በኋላ ይለመዳል። ኳሱ ከዱላው በጣም እየፈጠነ ስለወጣ በ2011 ደንቡ ጠበቀ፤ አሁን ውጤቱ ወደ እንጨት የቀረበ ነው።

«ትኬቱ ውድ ነው፣ ቦታም አይገኝም»

በብዙዎቹ ትናንሽ ኮሌጆች የመደበኛው ሲዝን ጨዋታ መግቢያው ነጻ ነው። ተጣጣፊ ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ በፔርሙዝ ሻይ ይዛችሁ ሂዱ። ተጫዋቾቹ የሚባባሉት ሁሉ ይሰማል። ከጎናችሁ የሚቀመጡት ወላጆች ናቸው፤ ምንም ብትጠይቋቸው በደስታ ያስረዷችኋል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ። ኮለምበስ ያላችሁ ማሪዬታ ድረስ መንዳትም የለባችሁም። ዌስተርቪል ያለው ኦተርባይንም፣ ቤክስሊ ያለው ካፒታልም እዚሁ አጠገባችሁ ናቸው።

«ፕሮግራሙ ላይ ቅዳሜ ካለ ቅዳሜ ነው»

ይህን የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። አንድ ኤፕሪል ላይ ሁለት ሰዓት ነድቼ ደረስኩ። ሜዳው በትልቅ ሸራ ተሸፍኗል። ዝናቡ ሸራው ላይ ኩሬ ሠርቶ አንድ ዳክዬ ይዋኝበታል። ጨዋታው ወደ እሁድ ተዛውሮ ነበር፤ ማስታወቂያው የወጣው ከቤት ከመነሳቴ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። እሁድ ሁለት ጨዋታ በአንድ ቀን ሆነ፤ ተመልሼ ነዳሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ዳክዬዋ እንዴት ናት?» ትለኛለች።